ራጁን ቆማ ትነሳ፦ የእህቴን ጀርባ ለማቃናት የሄድንበት መንገድ

ልጃችሁ ጀርባዋ መጣመም ከጀመረ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋችሁ ስመ ጥር ሐኪም አይደለም። ቆማ የተነሳችው፣ ከአንገቷ ሥር እስከ ዳሌ አጥንቷ በአንድ ላይ የሚያሳይ ራጅ ነው። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ እህቴ ከአንድ ዓመት በላይ በወረቀት ተንከራተተች፤ ቀላል ሊሆን ይችል የነበረው ቀዶ ጥገናም ከባድ ሆነ። ሌላው ቤተሰብ እንዳይደርስበት ነው የምጽፈው። ንዴቴም ገና አልበረደም፤ ቃሌ ቢሻክር ይቅር በሉኝ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ከደምበጫ ወጣ ብሎ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ሐኪም ስላልሆንኩ ስለ መድኃኒት የምለው የለኝም፤ የማውቀው ስለ ማዕዘን፣ ስለ ማህተምና ስለ ወረፋ ነው።

ነገሩን መጀመሪያ ያየችው እናታችን ናት። ለጥምቀት ያሰፋችላት ቀሚስ ጫፉ በአንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ እያለ አስቸገራት። ልብስ ሰፊውን ልትጣላው ብትሄድ «እትዬ፣ ቀሚሱስ ደህና ነው፤ ልጅቱን አሳይዋት» አላት። ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። እቤት ስሄድ እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ እጆቿን አንጠልጥላ እንድታጎነብስ አደረግኳት። ከኋላዋ ቆሜ ሳይ በቀኝ በኩል ያሉት ጎድኖቿ ከግራዎቹ በደንብ ከፍ ብለዋል። ይህች ምርመራ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም አዳምስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሳያት ናት፤ ዓይን ብቻ ነው የምትፈልገው። ሕመም የለም ብላችሁ አትዘናጉ። በዚህ ዕድሜ የሚጀምረው ስኮሊዮሲስ፣ ማለትም የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም፣ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ስለማያምም ነው ሳይታይ የሚያድገው።

ጎረቤቱ ምክንያት አላጣም። ጀሪካን ነው፣ የደብተር ቦርሳ ነው፣ ተጣማ ስለምትቀመጥ ነው፣ ዓይን ነው። እናቴ «ውኃ አስቀድቼ ልጄን አጎበጥኳት» እያለች ስታለቅስ ከረመች። የአብዛኛው መንስኤ አይታወቅም፤ ሸክምም አቀማመጥም አያመጣውም። ለእናቶቻችሁ ይህን ቶሎ ንገሯቸው።

ወጌሻን በተመለከተ አቋሜ የጠነከረ ነው። ለወለም ለውልቃት ወጌሻ ሄደው የዳኑ ሰዎች አውቃለሁ፤ አከርካሪ ግን በምንም ተአምር አይነካ። በተለይ ጉብታው አንድ ቦታ ላይ ሾጥጦ የወጣ ከሆነ፣ ልጁ ሌሊት ካላበው፣ ከከሳና ጀርባው ከታመመ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ለዚያ ይመርመር። በቲቢ የተበላ አጥንት ላይ ክርን አስደግፎ መጫን እግርን ሽባ እስከማድረግ ሊያደርስ ይችላል። ጠበሉን ግን አልቃወምም። እኛም ወስደናታል፤ በራጅና በጠበል መካከል ጠብ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከጤና ጣቢያ ተጽፎልን ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድን። ጎጃም ውስጥ ካሉት አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ራጅ ክፍል ስንገባ ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ጠረጴዛው ላይ ተኚ» አላት። ቆሞ ለመነሳት የሚያገለግለው ማቆሚያ ግድግዳው ላይ አለ፤ በዓይኔ አየሁት። ሁለት ነጭ ጋውንና አንድ ጃኬት ተሰቅሎበታል፤ ከሥሩ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ተደርድሯል።

«ወንድሜ፣ ጀርባዋ ነውና ቆማ ብትነሳ አይሻልም?» አልኩት።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«እኔ ክፍልህ ገብቼ ሰሌዳህ ላይ አልጽፍም» አለኝና መብራቱን አጠፋ።

ፊልሙ ሲወጣ ከደረት እስከ ወገብ አጋማሽ ብቻ ነው። ሪፖርቱ ሁለት መስመር ሆኖ መጣ፤ ቀላል የአከርካሪ መጣመም፣ ከዓመት በኋላ ትታይ ይላል። ዲግሪ የለውም። ያች «ቀላል» የምትል ቃል ስንት በር እንደዘጋችብን ልዘርዝርላችሁ፤ መጀመሪያ ግን ፊልሙ ለምን እንደማይረባ ልንገራችሁ።

ሰው ሲተኛ የገዛ ክብደቱ አከርካሪውን መጫኑን ያቆማል፤ ጥመቱም ያንሳል። ስለዚህ ተኝታ የተነሳች ልጅ ከእውነተኛው ያነሰ ዲግሪ ይወጣላታል። ሌላው አለካኩ ነው። ጥመቱ የሚለካው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳወቀው ዘዴ ነው። ከጥመቱ በላይኛው ጫፍ በጣም ያዘነበለውን አጥንት ትመርጣለህ፣ ከታችኛው ጫፍም እንዲሁ፤ የላይኛውን የላይ ገጽ፣ የታችኛውን የታች ገጽ ተከትለህ መስመር ታሰምራለህ፤ ሁለቱ መስመሮች የሚፈጥሩት ማዕዘን ነው ዲግሪው። የታችኛው ጫፍ ፊልሙ ውስጥ ከሌለ የምትለካው ያልጨረሰ ጥመት ነው። የእህቴ ፊልም የተቆረጠው እዚያው ላይ ነው። ዳሌዋም የለም። የዳሌ አጥንት ጠርዝ ላይ የሚታየው የአጥንት እድገት ምልክት፣ ሪሰር የሚሉት፣ ልጅቷ ገና ምን ያህል እንደምታድግ ይናገራል፤ ብዙ የሚያድግ ልጅ ላይ ጥመቱም ብዙ ይጨምራል። እንግዲህ «ከዓመት በኋላ» ያለው ሰው ይህን ሳያይ ነው ያለው።

በማግስቱ ጠዋት ፊልሙን ከመስኮቱ መስታወት ላይ በፕላስተር ለጠፍኩና ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ትልቁን የእንጨት ፕሮትራክተር አወጣሁ። በተቆረጠው ፊልም ላይ እንኳ 52 ዲግሪ ወጣልኝ። ሐኪሞችም ያንኑ ፊልም ደግመው ሲለኩ እስከ 5 ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ 47 ነው በሉት። 10 ዲግሪ ያልሞላ ስኮሊዮሲስ አይባልም። ከ25 እስከ 40 ገደማ በሚያድግ ልጅ ላይ በቀበቶ መልክ የሚታሰረው ድጋፍ ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ድጋፉን ካሰሩት ልጆች 72 በመቶው፣ ካላሰሩት 48 በመቶው ቀዶ ጥገና ወደሚያስፈልገው ደረጃ ሳይደርሱ እድገታቸውን እንደጨረሱ አሳይቷል። ከ45 እስከ 50 ካለፈ ግን ወሬው ስለ ቀዶ ጥገና ነው። በየትኛውም ስሌት «ቀላል» የሚለው ቃል የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ፊልሜንና ፕሮትራክተሬን ይዤ ተመለስኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑትነቱን አልክድም። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ራሱ ለካው። «እኔም ከ50 በላይ ነው የሚመጣልኝ» አለ።

«እንግዲያው ሪፈር ጻፍልን።»

«ሪፖርቱ ቀላል ይላል እኮ። ከሪፖርቱ ጋር የሚጋጭ ሪፈር ብጽፍ ሪፈር የሚያስተላልፈው ላይዘን ኦፊስ ይመልሰዋል።»

ላይዘን ኦፊስ ሄድኩ። ሪፖርቱ ይስተካከል አሉ። ራጅ ክፍል ሄድኩ። ሪፖርት የሚስተካከለው ድጋሚ ስትነሳ ነው አሉ። ድጋሚ ለማንሳት የጤና መድህን መስኮት ሄድኩ። ያው ራጅ በቅርቡ ስለተነሳ መድህኑ አይከፍልም አሉ። ይሁን፣ ከኪሴ እከፍላለሁ አልኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ላይ አወረደችና «መምህር፣ የመድህን አባል ሆነው በግል ከከፈሉ ለኦዲት አይመችም» አለችኝ። እስቲ ይህን ለአባቴ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? መድህኑ አይከፍልልህም፣ መድህን ስላለህም አንተ መክፈል አትችልም።

ኃላፊው ዘንድ ልግባ ስል ስብሰባ ላይ ናቸው። በሌላ ቀን መስክ ወጥተዋል። በሌላው ቀን ማመልከቻ በጽሑፍ አስገባ ተባልኩ። አስገባሁ። መዝገብ ቤት ያለው ሰው ማመልከቻዬን ከላይ እስከ ታች አነበበና «ጉዳዩ የሚለው ሥር መስመር አልተሰመረም» ብሎ መለሰልኝ። አሰመርኩ። ከዚያ ኮሚቴ ያየዋል ተባለ፤ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ የራጅ ማሽኑ ተበላሸ። ማሽኑ ሲጠገን መንገድ ተዘጋ። መንገድ ሲከፈት የመድህን ደብተራችን የእድሳት ጊዜው አልፏል ተባልን። በዚህ ሁሉ መሐል ልጅቱ ትመዘዛለች። ያ ዓመት ያደገችበት ዓመት ነው፤ ቁመቷ ሲጨምር ጥመቱም አብሮ ይጨምራል። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ማጠር ጀመረች። የክፍል ጓደኞቿ ስም ስላወጡላት ነጠላዋን ድርብ አድርጋ በበጋ ፀሐይ መከናነብ ጀመረች።

ኮሚቴው በመጨረሻ የሰጠው መልስ በእጄ አለ። «ታካሚዋ በሪፖርቱ መሠረት በተቀጠረችበት ጊዜ እንድትቀርብ» ይላል። ቆማ ትነሳ ብዬ ስለጠየቅኩት አንዲት ቃል የለበትም።

በመመሪያው መሠረት ደረጃውን ጠብቃችሁ መሄድ አለባችሁ፤ ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ላይ። ለወባ፣ ለወሊድ፣ ለስኳር መመሪያው ልክ ነው። በእድገት ላይ ላለ ልጅ አከርካሪ ግን ተከተሉት አልላችሁም። ገንዘቡ ከተገኘ ሰንሰለቱን ዝለሉት፤ በግል ከፍላችሁ ቆማ የተነሳችውን ራጅ ያዙና የአጥንት ስፔሻሊስት ያለበት ቦታ በቀጥታ ሂዱ። መድህኑ አይሸፍንም ይሏችኋል። እኛ እሱን ስንጠብቅ የከሰርነው ከራጁ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

እኛም በስተመጨረሻ ያደረግነው ይህንኑ ነው። አባቴ ለክረምት ያስቀመጠውን ጤፍ ሸጠና ባሕር ዳር ወረድን። አንድ የግል ምርመራ ቤት ያለች ልጅ ጫማዋን አስወልቃ፣ ፀጉሯን ወደ ላይ አስይዛ፣ ቀጥ ብላ አቆመቻት። ፊት ለፊትና በጎን። ለጎኑ ክንዷ አጥንቱን እንዳይሸፍን ጣቶቿን አጥፋ ትከሻዋ ላይ እንድታሳርፍ አደረገቻት። ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎኗ ዘንበል ብላ ተነሳች፤ ይህኛው አከርካሪው ምን ያህል እንደሚላላ ያሳያል። 68 ዲግሪ። የአጥንት ስፔሻሊስቱ ፊልሙን መብራቱ ላይ አንጠልጥሎ አንድ ጊዜ አየና የአዲስ አበባውን ሪፈር እዚያው ጻፈው። ቡና ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ ነው የጻፈው። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ከንዴት የተነሳ እጄ ተንቀጠቀጠ።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ወረፋ አላት። ወረፋ ላይ ስለ ጋና የሚያወሩ ብዙ ቤተሰቦች አገኘን። አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ ሆነው የተጣመመ ጀርባ ያላቸውን ልጆች እየለዩ ለቀዶ ጥገና ወደ ውጭ ሲልኩ ኖረዋል፤ ብዙዎቹ የሄዱት አክራ ወዳለው ፎኮስ ሆስፒታል ነው፤ መሥራቹ ጋናዊው ሰርጀን ዶክተር ኦሄኔባ ቦዋቺ-አጄይ ናቸው። ይህ መንገድ የሚከፈትላችሁ ከመሰላችሁ ፓስፖርቱንና የቢጫ ወባ ካርዱን ከወዲሁ አውጡ። እኛ ተራችን አዲስ አበባ ደረሰ። ተራችን ሲደርስ ጥመቱ 94 ዲግሪ ሆኖ ነበር።

ኤምአርአይ ተነሳች። ይህን አትዝለሉ፤ ኅብለ ሰረሰሩ ታች ተጣብቆ ወይም ውስጡ ውኃ ቋጥሮ ከሆነ ሳይታወቅ ጀርባውን መሳብ አደገኛ ነው። የልብ አልትራሳውንድ፣ የትንፋሽ መለኪያ፣ የደም ምርመራ ተሠራላት። ሁሉም ደህና ነበር።

94 ዲግሪ ከሆነና ከደረቀ አከርካሪ ጋር ምን ይደረጋል የሚለውን ሰርጀኑ ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳን። እንዲህ ያለ ጥመት ላይ አንዱ ምርጫ አጥንቱን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ በጣም ያቃናል፣ ግን ደም ያፈሳል፣ ኅብለ ሰረሰሩንም ለአደጋ ያጋልጣል። ሌላው ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሳምንታት ቀስ እያሉ መሳብ ነው። ሁለተኛውን መረጡልን። 52 ዲግሪ ላይ ብንደርስ ኖሮ መሳቡም ባላስፈለገ ነበር፤ ሰርጀኑ ሳልጠይቀው ነው ይህን ያለኝ።

መሳቡ ሄሎ የሚሉት ነገር ነው። የብረት ቀለበት በራስ ቅሏ ዙሪያ በብሎን ይታሰራል፤ ከቀለበቱ ገመድ ወደ ላይ ይወጣና በመዘውር ላይ አልፎ ክብደት ይንጠለጠልበታል። ብሎኖቹ የሚገቡት በማደንዘዣ ነው፤ የአጥንቱን ውጫዊ ሽፋን ይይዛሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቁም። አባቴ ሲያያት «ልጄን እንደ ጌታችን ቸነከሯት» ብሎ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪመሽ አልገባም። እሷ ግን ከሁላችንም ቀድማ ለመደችው። በጥቂት ኪሎ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ተጨመረ፤ ክብደቷ 34 ኪሎ ነበር፤ የሚንጠለጠለው እስከ 15 ኪሎ ደረሰ። ቀን በተሽከርካሪ ወንበርና በመራመጃ ላይ ተንጠልጥላ ትሄዳለች፣ ሌሊት አልጋዋ ላይ ትሳባለች። ነርሶቹ በየቀኑ ዓይኗን ወደ ግራና ቀኝ ያዟዙሯታል፣ ምላሷን ያስወጧታል፣ እጇንና እግሯን ያስጨብጧታል፤ አንዱ ከደከመ ክብደቱ ወዲያው ይቀነሳል። የብሎኖቹ ዙሪያ በየዕለቱ ይጸዳል። ይህን አስታማሚው ቢማር ይሻላል፤ እኔ ተምሬ እኔው ሳጸዳላት ነበር።

በዚህ ጊዜ ዋናው ሥራ መብላት ነው። የከሳ ልጅ ቁስሉ አይሽርም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር እህቴ እንቁላል አልበላም አለች። ተለማመጥኳት፤ አሻፈረኝ አለች። ለንስሐ አባታችን ደወልኩና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ያሉትን አልሰማሁም፤ ስልኩን መልሳልኝ «በል እንግዲህ ወንድምዓለም፣ ሁለት አድርገው» አለችኝ። ከእንቁላሉ ሌላ ለውዝ የተፈጨበት አጥሚት፣ በሶ በወተት፣ ሌሊትም ሳይቀር ትበላ ነበር። ጓንት እየነፋች ሳንባዋን ታለማምዳለች። መሳቡ ሲያበቃ ጥመቱ ወደ 70 ወርዶ ነበር፤ ትንፋሿም ተሻሽሏል።

የስምምነት ወረቀቱ ሲመጣ ሽባ መሆን የሚል ቃል አለበት። ይህን ቃል ከአባታችሁ አትደብቁ። እኔ አንብቤ ተረጎምኩለት። አባቴ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ከወረቀቱ በላይ ያዘውና ሰርጀኑን «አንተ የወለድካት ብትሆን ትቆርጣታለህ?» አለው። ሰርጀኑ «አዎ አባባ፣ እቆርጣታለሁ» አለ። ጣቱ ወረደ።

ስለ ቀዶ ጥገናው የገባኝን ልበል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ አሜሪካዊው ፖል ሃሪንግተን በፖሊዮ የጎበጡ ልጆችን ለማቃናት አንድ ዘንግ ከላይና ከታች በመንጠቆ እያያዘ ይስብ ነበር፤ ታካሚው ለወራት በጀሶ ይታሸጋል፣ ወገብም ተፈጥሯዊ ስርጉዱን ያጣል። ሜክሲኳዊው ኤድዋርዶ ሉኬ ዘንጉን በየአጥንቱ በሽቦ አሰረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፈረንሳዮቹ ኮትሬልና ዱቡሴ ጥመቱ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን የተጠማዘዘም ስለሆነ ማሽከርከር ያስፈልገዋል አሉ። ከዚያ ኮሪያዊው ሱክ በደረት አካባቢ ባሉት አከርካሪዎችም የአጥንቱን የኋላና የፊት ክፍል በሚያገናኘው ድልድይ ውስጥ ብሎን ማስገባትን አስፋፉ። ዛሬ የተለመደው ይህ ነው፤ ለእህቴም የተደረገው ይህ ነው። በሆዷ አስተኝተው ጀርባዋን መሐል ለመሐል ከፈቱ፤ በየአከርካሪው ግራና ቀኝ ብሎን አስገቡ፤ በደረቀው ቦታ ላይ ከኋላ ያሉትን መገጣጠሚያዎች ቆርጠው አላሉ፤ ፖንቴ ይሉታል። ሁለት ዘንጎች አጥፈው ገጠሙና አቃኑት። ከዚያ ከራሷ አጥንት የተከተፈ ፍርፋሪ ጎን ለጎን ነሰነሱበት። ሰዎች ብረቱ ነው የሚይዛት ይላሉ፤ ብረቱ የሚይዘው አጥንቱ እስኪጋጠም ነው። አጥንቱ ካልተጋጠመ ብረቱ አንድ ቀን ሊሰበር ይችላል። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ እንዲህ ማጋጠም የቁመታቸውንና የሳንባቸውን እድገት ስለሚገታ እየረዘመ የሚሄድ ዘንግ ይጠቀማሉ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ሰርጀኑን ስትጠይቁ ስንት ሰው ሠርተሃል ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሁሉም ብዙ ነው የሚላችሁ። ነርቩን በምን ትከታተላለህ በሉት። በመሣሪያ የሚከታተሉ አሉ፤ ከእግር እስከ አንጎል መልእክቱ መድረሱን እያዩ ይሠራሉ። መሣሪያው ከሌለ ወይም ከተጠራጠሩ ታካሚውን በመሐል ከሰመመን ቀስቅሰው እግርህን አንቀሳቅስ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። እህቴን አስቀድመው አለማምደዋት ነበር። በመሐል ጠርተዋት ጣቶቿን አንቀሳቅሳለች፤ እሷ አንዱንም አታስታውሰውም። ይህን ጥያቄ የማይወድ ሰርጀን ካገኛችሁ ሌላ ፈልጉ። ከዚያ የትኛው አጥንት ላይ ትቆማለህ በሉት፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ወገብ መታጠፉ ይቀንሳል።

ደም በነፃ ነው፣ ከደም ባንክ ይመጣል ይላሉ። እውነት ነው። እኔ ግን ለመስጠት የተዘጋጁ ዘመዶች አዲስ አበባ ይቆዩ እላለሁ፤ የሚያስፈልገው ቀን እስኪደርስ ከጎጃም ሰው አይጠራም፣ ዓባይ በረሃን አቋርጦ እስኪመጣ ሰዓቱ አይጠብቅም።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ስትነቃ መጀመሪያ ያየሁት ጣቶቿን ነው። ጥመቱ 41 ላይ ቆሟል። ዜሮ ካልሆነ የሚሉ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል፤ ዜሮ ለማድረግ መሞከር ነርቭ መጎተት ነው፤ የሚፈለገው ጭንቅላቷ በዳሌዋ ልክ ላይ መቀመጡ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግፈው አቆሟት፤ አዞራት፣ መልሰው አስቀመጧት፣ እንደገና አቆሟት። ስትገላበጥ ትከሻና ዳሌ አብረው እንዲዞሩ አድርጉ።

ወደ ቤት ስትመለሱ ብር ተበድራችሁም ቢሆን እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሂዱ። የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ለትኩስ ቁስል አይሆንም። እቤት ምጣዱን ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ አደረግነው፤ ሳታጎነብስ ትጋግራለች። ጀሪካን ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይነካም። ዘመድ አዝማድ የሚጠይቀው ትወልዳለች ወይ እያለ ነው። ትወልዳለች፤ የተጋጠመ አከርካሪ እርግዝና አይከለክልም። ወገብ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ግን ሊያስቸግር ስለሚችል የቀዶ ጥገናውን ወረቀትና የመጨረሻውን ፊልም አትጣሉ።

ሆስፒታሉ ላይ ቅሬታ አስገብቻለሁ። «ደርሶናል፣ እየታየ ነው» የሚል መልስ ተሰጥቶኛል።

በትምህርት ቤታችን ከስፖርት መምህሩ ጋር ተነጋግረን ልጆቹን በየክፍሉ እያጎነበስን ማየት ጀመርን። ጎድናቸው ከፍ ያለ ልጆች አግኝተን ወላጆቻቸውን «ራጁን ልጆቹ ቆመው ይነሱ» ብለን በቀጥታ ባሕር ዳር ልከናል። ርዕሰ መምህሩ ሰምቶ ይህ የጤና ሥራ ስለሆነ ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል አለ። ጠይቀናል፤ «ጉዳዩ» የሚለው ሥር መስመር አስምሬ ነው ያስገባሁት። ደብዳቤው እስኪመጣ ድረስ የስፖርት መምህሩ ማሟሟቂያ ነው እያለ ያጎነብሳቸዋል፣ እኔም ከኋላ ቆሜ አያለሁ።